ለይታይሽ እጅ የሚሆን ደጋን

በሥራ ዘመኔ የመጨረሻ ጠዋት ሥራ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ኃላፊው አቶ መኳንንት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። ሲስተር ፍሬ ቁስል የሚታጠብበት ገንዳ ጋ ናት። አናጢው ሰይድ መላጊያውን እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፏል። ይታይሽ ወንበር ቢቀርብላትም እንደ ልማዷ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም እጆቿ ነጠላዋ ሥር ናቸው። እኔ ጠረጴዛው ፊት ቆሜያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት አጫጭር ደጋኖች ነበሩ። ከሦስቱ ለይታይሽ የሚሆነውን እንድመርጥ ነበር የተጠራሁት። ከዚያ በኋላ ቁልፉን አስረክቤ ጡረታ እወጣለሁ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ደጋን ጥጥ መንደፊያ ነው። የጎበጠ እንጨት ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፉ ጅማት ይወጠርበታል። ነዳፊዋ በአንድ እጇ ደጋኑን ከተዳመጠው ጥጥ በላይ ትይዛለች፣ በሌላው ጅማቱን እየሳበች ትለቃለች። ጅማቱ ሲርገበገብ ጥጡ ይፍታታል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይወጣዋል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። በየቤቱ የነበረ ዕቃ ስለሆነ ማንም አስቦ አይመርጠውም ነበር። እኛ ዘንድ ግን ይመረጣል። በደብረ ማርቆስ ዳር በነበረው ሥራ ቤታችን የሚሠሩት ሴቶች በሥጋ ደዌ ታመው የዳኑ ናቸው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል። በእጅ ላይ የጠፋው ስሜት ግን አይመለስም። እሳት ቢነካው፣ እንጨት ቢልጠው፣ እጁ ለባለቤቱ አይነግራትም።

የይታይሽ የልጅ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። በእነሱ አገር ሠርግ ሲቃረብ የሙሽራዋ ወገን የሆኑ ሴቶች አንድ ቤት ተሰብስበው ጥጥ ይነድፋሉ፤ የሙሽሮቹ ጋቢ የሚሸመነው ከዚያ ክር ነው። እያንዳንዷ የራሷን ደጋን ይዛ ትመጣለች። በገዛ ልጇ ሠርግ ጊዜ ይታይሽን ማንም አልጠራትም ነበር። አሁን ግን የሙሽራዋ እናት፣ ያችው ልጇ፣ ራሷ መጥታ ጠራቻት። እኛ ዘንድ የምትነድፍበት ደጋን ከጣሪያው ማገር በገመድ የተንጠለጠለ ነው፤ እጇ ሳይጨብጥ ይነካዋል እንጂ አይይዘውም። ያንን ተሸክሞ ሰው ቤት አይኬድም። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ጭኔ ላይ አድርጌ የምነድፍበት አጭር ደጋን ስጡኝ አለች። ሲስተር ፍሬ ደግሞ የግራው አውራ ጣት ዱሮ ሄዷል፣ የቀኙ ከሄደ ከእንግዲህ ማንኪያም አትይዝም አለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ወደዚህ ቤት የመጣሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ሳላመጣ ስቀር ነው። ፈትል ከእናቴ ተምሬያለሁ። ፈትል የምታስተምር ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ያመለከትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን ደሞዙን ሳይሆን በሽታውን ይዘሽ ትመለሻለሽ አለችኝ። እናቴ ደግሞ የምጠጣበትን ጣሳ ለብቻው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ብዙ ዓመት እዚያው ቆየ። ደሞዙም ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም።

ደጋን የሚሠሩልን አያ ተገኘ ነበሩ። የቁይ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ ሲታመሙ ሚስታቸውን ወንድሞቿ ወሰዷት፣ መሬታቸውንም ሌላ አረሰው። ጣቶቻቸው አጥረዋል፤ መጥረቢያውን የሚይዙት በሁለት መዳፍ መካከል አጣብቀው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደጋኖች አቀበሉኝና የቱ ይሻላል አሉኝ። ሁለቱም አንድ ይመስላሉ አልኩ።

«ተማሪዋ፣ እጅ አለሽ አይደል? ንኪያ እንግዲህ» አሉ። «እኔማ ቢኖረኝ አንቺን አልጠይቅም።»

ነካሁት። አንደኛው ጠርዙ ላይ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። እሱን ተቀብለውኝ ወደ እሳት ጣሉት። ጥሩ እንጨት ነበር። ምን አደረገ ብላቸው፣ አንቺ ይሻክራል ብለሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ እነሱ ግን ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ ይይዙታል አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራቸውን አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። እንጨት የሚቆርጡት በበጋ ነው። የቆረጡትን አንድ ክረምት ሙሉ ምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቅሉታል። በእሳት አሙቀው የሚያጎብጡትን አይወዱም፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይቃናል ይላሉ። ጎብጦ ያደገ ቅርንጫፍ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር። ባሕር ዛፍ በየትም አለ፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፣ ጅማቱን ሲወጥሩበት ግን ይደክማል። ቀርቀሃ ቀላል ነው፣ ይለመጣል፤ ሲያረጅ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሾላል። ክትክታ አይሰበርም፤ ቋጠሮው ግን ብዙ ነው። ከሁሉ የሚወዱት ወይራን ነው። ይከብዳል፤ ሲፋቅ ግን እንደ ቀንድ ይለሰልሳል።

ርዝመቱም የሚታሰብበት ነገር ነበር። ደጋን ረጅም ሲሆን ድምፁ ያምራል፣ ጥጡንም ቶሎ ያነሳል። የእኛ ሴቶች ግን መሬት ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚነድፉት፤ እግራቸውም እንደ እጃቸው አይሰማም። የረጅም ደጋን ጫፍ ጉልበታቸውን ሲፈትግ ይውላል። ስለዚህ አያ ተገኘ ደጋኑን ያሳጥሩታል፣ ጫፎቹንም ወደ ላይ ቀልበስ ያደርጓቸዋል። ጅማቱ ጣት እንዳይቆርጥም ከዚያው እንጨት ትንሽ መምቻ ሠርተው ያክሉበታል። ለእያንዳንዷ ሴት በክንዷ ልክ ነበር የሚሠሩት። ሁለት ሴቶች ደጋን ተለዋውጠው ካዩ ይቆጣሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። እንጨቱን በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው፣ በሰም አሽተው ከጨረሱ በኋላ ወደ አፋቸው ይወስዱትና የታችኛውን ከንፈራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርጋታ ያስኬዱበታል። መጀመሪያ ሳይ የሚሳለሙት መስሎኝ ቀና ብዬ ቀረሁ።

«መስቀል አይደለም» አሉኝ። «የቀረኝ እሱ ስለሆነ ነው። እጄ የማይነግረኝን ከንፈሬ ይነግረኛል።»

ከንፈራቸው የጠረጠረውን ቦታ እንደገና ይፍቃሉ፣ እንደገና ይፈትሻሉ። ሰው ሲስቅባቸው አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። በኋላ እኔም ተማርኩት። እጄ ደህና ቢሆንም ከንፈር እጅ የማያገኘውን ያገኛል።

በዚያ ቤት ብዙ ኃላፊዎች አልፈዋል። የመጀመሪያው ኃላፊ ደጋን ሁሉ በአንድ ልክ ከባሕር ዛፍ ተሠርቶ እንዲመጣ አዘዙ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ግማሹ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ግን ሰው የሚያዳምጡ ነበሩ፤ እኔንና አያ ተገኘን ቁይ ላይ ቅርንጫፍ ሥራ ቤት እንድንከፍት ላኩን። ቤት የሚያከራይ ስናጣ አቶ ይማም የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጡን። የሰይድ አባት ናቸው። ጎረቤት ነጋዴዎች ደንበኛ ይሸሽሃል ብለው መከሯቸው። አቶ ይማም የሚሸሽ ደንበኛ ካለ ይሽሽ አሉና ወንበራቸውን አምጥተው ለአያ ተገኘ ሰጡ። አያ ተገኘ ለመቀመጥ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ወንበሩን ሲቀመጡበት እንዳያቆሽሹት ነጠላቸውን አነጠፉ። አቶ ይማም ነጠላውን አንስተው በእጃቸው አጣጥፈው መለሱላቸው።

ይታይሽ ወደ እኛ የመጣችው ቁይ ሳለን ነው። ወጣት ነበረች፤ ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ሁለቱም አውራ ጣቶቿ ደህና ነበሩ፣ ከሌሎቹ ጣቶቿ ግን ጥቂቶቹ ተጣጥፈዋል። እጇ ፈጣን ነበር። አፏም እንዲሁ። በአያ ተገኘ ትቀልዳለች፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

«አያ ተገኘ፣ ይህን ደጋን ስንቴ ሳሙት? ሚስት ቢኖርዎ ትቀና ነበር» ትላቸዋለች።

«አንቺ ንደፊ። ወሬሽ ጥጥ ቢሆን አንድ አገር ሰው ያለብስ ነበር» ይሏታል።

ለእሷ የሚሆን ወይራ ፍለጋ ወደ ዲማ የሄድንበትን ቀን አልረሳም። በአንድ ደብር ግቢ ውስጥ የትልቅ ወይራ ቅርንጫፍ ነፋስ ጥሎታል ተባለ። የደብር ዛፍ አይቆረጥም፤ የወደቀውን ግን ቢፈቀድ እንወስዳለን ብለን ሄድን። በእግር ነው የሄድነው። አያ ተገኘ ቅጥሩ ውጭ ቀሩ። እኔ ገብቼ ለአንድ መሪጌታ ነገርኳቸው። መሪጌታው ወደ በሩ ወጡና አዩዋቸው።

«እንጨቱ ለምን ይሆናል?» አሉ።

«ጥጥ መንደፊያ።»

«ለማን?»

«እንደኔ ላሉ።»

መሪጌታው ከበሩ ገለል አሉ። ከዚያ ይግቡና ራስዎ ይምረጡ አሏቸው። አያ ተገኘ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ይመለከቱ ነበር። አያ ተገኘ ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ በተፈጥሮው ጎብጦ ያደገ አንድ ክንድ ያህል ብቻ አስቆርጠው ወጡ። ሌላውም የእርስዎ ነው ቢባሉ፣ የፈለግሁት ይህ ነው አሉ። እስክንመለስ ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነበር።

ያ ደጋን ከሠሩት ሁሉ ይበልጣል። ክረምቱን በጭስ ላይ አሳለፈ። በበጋ ጠረቡት፣ ፋቁት፣ በሰም አሹት። ከንፈራቸውን ስንት ጊዜ እንዳስኬዱበት አላውቅም። በመጨረሻ ለእኔም ሰጡኝና ከንፈሬን አስኬድኩበት። እንደ ውሃ ነበር። ይታይሽ ስትቀበላቸው ለአንድ ጊዜ ቀልዷ ጠፋባት።

በዚያ ደጋን የነደፈችው ባዘቶ አየር ላይ ሲቆም አያለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ግማሽ ሳይደርሱ እሷ ትጨርሳለች። ገበያ ላይ ክሯን የሚጠይቁ ሸማኔዎች መጡ። ለልጇ ልብስ ገዝታ ላከች። በዚያ ጊዜ የተሻለ እንጨትና የተሻለ አሠራር አግኝተናል ብዬ አምን ነበር። አያ ተገኘም ያምኑ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ሴቶቹ ተደርድረው ይነድፋሉ። ይታይሽ አንድ ወሬ እያወራች እየሳቀች ነበር። ድንገት አቆመችና ፊቷ ያለውን ባዘቶ አየችው። ነጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ነበረበት።

«ማን ነው ጥጤን ያቆሸሸው?» አለች።

ሴቶቹ መንደፋቸውን አቆሙ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት እጇን አየቻትና ዓይኗን ሰበረች። ይታይሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተች። ጥጡ ላይ ማን ምን እንደ ደፋበት እየፈለገች ነበር። ደጋኑን ከእጇ ላይ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። የግራ አውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ተከፍቶ ነጭ ነገር ይታይ ነበር። ቀናት ያስቆጠረ ቁስል ነው። ደሙ ሲደርቅ ከቆዳዋ ጋር አንድ መስሎ፣ በዚያ ቀን እንደገና ተከፍቶ ነው እንጂ አናይም ነበር።

ሆስፒታል ተኛች። ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበርና አውራ ጣቷን አነሱት።

አያ ተገኘ ያንን ደጋን ወስደው በሩ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱበት። አገላብጠው እንደገና አስኬዱበት። ስንጥር ፍለጋ ነው። በማግሥቱም እንዲሁ። ስንጥር አልነበረበትም። እኔም ፈለግሁ። በምሳ ሰዓት እንጀራ ሳስቀምጥላቸው አያዩትም። እንጨቱ ዋሽቶኛል ይሉ ነበር።

ነገሩን የነገሩን ቁስል የሚያጥቡልን ድሬሰር አቶ በላይ ናቸው። እንጨቱ ጥፋት የለበትም አሉ። ጥፋቱ ልስላሴው ነው። ደህና እጅ ለስላሳ ነገር ሲይዝ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ትንሽ ይጨብጣል፣ ሲበቃው ያቆማል። የእሷ እጅ ሲበቃው አያውቅም። ደጋኑ እንዳይሾልክባት ቀኑን ሙሉ አጥብቃ ትይዘዋለች፣ ሥጋው በጫናው ብቻ ይሞታል።

አያ ተገኘ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አቶ በላይ ከሄዱ በኋላ ደጋኑን በሁለት መዳፋቸው ያዙና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ሳቢው» አሉኝ።

ሳብኩት። አልመጣም። በሁለት እጄ ሳብኩት፣ እግሬን ደፉ ላይ አስደግፌ ሳብኩት፣ አልመጣም።

«እንዴት ይዤዋለሁ?»

«በኃይል ነው የያዙት።»

«እኔ ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ያዝኩት እንጂ በኃይል አልያዝኩትም» አሉ። መዳፋቸውን ከፍተው ተመለከቱት። የደጋኑ ጠርዝ ሥጋቸው ላይ ነጭ ሰርጥ ትቶ ነበር፣ ቶሎም አልጠፋም። መጥረቢያውንም፣ መፋቂያውንም፣ የሠሩትን ሁሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲያ ይዘው እንደነበር ያኔ ገባቸው መሰለኝ። ጣቶቼን በሽታው ወሰደብኝ ይሉ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንዲያ ሲሉ አልሰማሁም።

ከንፈራቸውንም እንጨት ላይ አላስኬዱም።

ከዚያ በኋላ የሠሯቸው ደጋኖች እጀታቸው ወፍራምና ሻካራ ነበር፤ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። እሱም አልበቃቸውም። በመጨረሻ ደጋኑን ከማገር ላይ በገመድ አንጠለጠሉት፤ እጅ ሳይጨብጥ እንዲመራው ብቻ። ሥራ ቤታችን የተጠቀመው እስከ መጨረሻው በዚያ ነው። በእሱ የተጎዳ እጅ አላየሁም። ይታይሽ ከሆስፒታል ስትመለስ የመጀመሪያውን ተንጠልጣይ ደጋን ሰጧት። ገመዱን ወደ ላይ አየችና እንደ ሥጋ ሰቀሉት አለች። አያ ተገኘ አልሳቁም። እሷም ከዚያ ወዲያ አልቀለደችባቸውም። የዲማውን ወይራ ለእኔ ሰጥተውኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከሁለት ክረምት በኋላ አያ ተገኘ አረፉ። የቀበርናቸው ሥራ ቤቱ ውስጥ ያለን ሰዎችና አቶ ይማም ነበርን።

ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስን። ዓመታት ሄዱ። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው መሰጠት ሲጀምር ሰው እጁ ሳይጎዳ መዳን ጀመረ፤ ደግ ነገር ነው። ወደ እኛ የሚመጡት እያነሱ፣ ያሉት እያረጁ መጡ። ሸማኔው የፋብሪካ ክር ለመደ። ኃላፊ መጣ፣ ኃላፊ ሄደ። አንዱ ክፍል ለልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ተሰጠ፣ ሌላው ዕቃ ቤት ሆነ። መጨረሻ ላይ ከማገሩ የሚንጠለጠሉት ደጋኖች ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የይታይሽ ነው። ሰይድ አባቱ ሲያርፉ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ እኛ ዘንድ በአናጢነት ገባ።

እንግዲህ በመጨረሻው ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሦስቱ ደጋኖች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ሰይድ ከክትክታ የሠራው ነው፤ እጀታው ወፍራም ሆኖ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ሁለተኛው ከቀርቀሃ የተሠራ፣ ጠርዙ ሁሉ በቆዳ የተሸፈነ፣ ከክንድ ጋር በጠፍር የሚታሰር ነው። ሲታሰር እጅ መያዝ አያስፈልገውም። ሦስተኛው የዲማው ወይራ ነው። ይታይሽ ካላየሁት ብላ ስለጠየቀች ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ አዲስ ጅማት ወጠርኩበት።

መጀመሪያ ክትክታውን ያዘች። መምቻውን በተረፉት የግራ ጣቶቿ መካከል ሰክታ መንደፍ ጀመረች።

«ሰይድ፣ ይህን የሠራኸው ለእኔ ነው ለበሬ? እጀታው ቀንበር ያህላል» አለችው።

«ላንቺ ነው እትዬ ይታይሽ። በሬ እንዲህ አያማርጥም» አላት።

አቶ መኳንንት ሳቁ። ይታይሽም ፈገግ አለች። ጥቂት አመልማሎ የሚወጣው ያህል ነደፈች። ከዚያ ሲስተር ፍሬ ቀኝ እጇን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። አውራ ጣቷ ሥር ነጭ ሰርጥ ነበር። ሲስተር ፍሬ በጣቷ ተጫነችው፣ ለቀቀችው፣ ጠበቀች። ቀለሙ አልተመለሰም። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ከዚያ ይታይሽ ወይራውን አነሳች። ማንም አልከለከላትም። አንድ ጊዜ ጅማቱን መታችው። ያ የዱሮው ድምፅ ነው። ጥጡ ተነሳ። ይታይሽ እጇን ሳታይ፣ ጥጡን ሳታይ፣ ፊት ለፊት ወደ ግድግዳው እያየች ነደፈች። ሲስተር ፍሬ ሄዳ እጇን እስክትይዝ ድረስ አላቆመችም። ደጋኑን ከእጇ ለማስለቀቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ መክፈት ነበረባት።

የቀርቀሃውን ክንዷ ላይ ያሰረላት ሰይድ ነው። ነደፈችበት። ድምፁ ደካማ ነው፤ ጥጡን ግን ይፈታዋል። ጠፍሩ ሲፈታላት እጇ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ ይወስኑልን» አሉ አቶ መኳንንት።

ባለ ጠፍሩ ነው አልኩ።

ይታይሽ ደፉ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ታስሬ እንድቀመጥ ነው?» አለች።

«እጅሽን የማይነካው እሱ ብቻ ነው።»

«እጄንማ አውቃለሁ። ሴቶቹ ሲያዩት ምን እንደሚሉም አውቃለሁ። ለካ አልዳነችም ነው የሚሉት። ከዚያ ያቺ ልጅ አማቶቿ ቤት ስትገባ የማን ዘር ናት ይባላል።» ወደ ጠረጴዛው እያየች፣ «ወይራውን ስጪኝ። አንድ ቀን ነው። በየመሃሉ አቆማለሁ» አለች።

«በየመሃሉ እጅሽን ታያለሽ?»

«በሴቶቹ ፊት?»

ሲስተር ፍሬ ገንዳው ላይ አጎንብሳ ቀረች። አቶ መኳንንት ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ባለ ጠፍሩን ደጋን አነሳሁና በራሴ ክንድ ላይ አደረግሁት። በአንድ እጄና በጥርሴ አሰርኩት። ጠፍሩ አጥብቆ ያዘኝ።

«ሰይድ ሌላ እንደዚሁ ያለ ይሠራልኛል» አልኩ። «ከጠራሽኝ አብሬሽ እመጣለሁ። ሁለታችንም እንዲህ አስረን እንቀመጣለን። ከሥራ ቤት የለመዱት ነው ይበሉን።»

ይታይሽ ክንዴን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«እትዬ ጥሩ» አለች፣ «አንቺ ስትፈልጊ ትፈቺዋለሽ።»

ከዚያ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። የቋጠርኩትን ጠፍር ባላት አውራ ጣት ገፋች፣ አልላላ ሲላት በጥርሷ ያዘችው። ሰይድ ሊረዳት አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ስታየው ቆመ። ክንዴን ዘርግቼ ጠበቅኋት። ከንፈሯ ክንዴን ይነካኝ ነበር። ቋጠሮው እስኪፈታ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

የቀርቀሃውን ደጋን ከነጠፍሩ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። ለሲስተር ፍሬ ራሷን ዝቅ አደረገች፣ ደፉን ተሻግራ ወጣች።

ወይራውን ወደ ቁም ሳጥኑ መልሼ ጅማቱን አላላሁት። ቆለፍኩ። ቁልፉን ለአቶ መኳንንት አስረከብኩ። ነጠላዬን ለበስኩና ወጣሁ።